ከጓንቱ ሥር ያለው ቀለበት

ሙቀት መለኪያ ቅናትን የሚለካ ቢሆን ኖሮ መቀስን ያን ዕለት ጠዋት ከአየር ማረፊያው በር ላይ ይመልሱት ነበር። ጠባቂዋ መሣሪያዋን ግንባሩ ላይ ደገነችና ጤነኛ ነዎት፣ ይለፉ አለችው። ጤነኛ! እንቅልፍ ካየ የሰነበተ፣ ምግብ አፉ ውስጥ እንጨት እንጨት የሚለው፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው ሌት ተቀን በሐሳቡ ሲያንቅ የከረመ ሰው ጤነኛ ከተባለ፣ እንግዲህ በሽተኛ የሚባለውን ፈጣሪ ይወቅ።

መቀስ ልብስ ሰፊ ነው። ስሙን ያወጣለት ሠፈሩ ነው፤ እግሩ ከመርዘሙ የተነሣ ሲራመድ ጨርቅ የሚቆርጥ ይመስላል። የሚወዳት ልጅ ደግሞ የበረራ አስተናጋጅ ናት። እሱ «ወፌ» ይላታል፣ እኛም እንደሱ ወፌ እንበላት። የተዋወቁት የደንብ ልብሷን ቀሚስ ልታስጠብብ ሱቁ የመጣች ቀን ነው። ቀሚሱ ጠበበ፤ እሷ ግን መምጣቷን አልተወችም። አንድ ቀን ቁልፍ ላላ ትላለች፣ አንድ ቀን ዚፑ አስቸገረኝ ትላለች። በመጨረሻ ምንም ሳትይዝ መጣች፣ እሱም ምን ላድርግልሽ ብሎ አልጠየቃትም።

እንቅፋቱ እናትየው ናቸው። ባላቸው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ በሌላ ከተማ፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ስለ ልብስ ሰፊው በስልክ ስትነግራቸው፣ «ልጄን ሰማይ ድረስ ያወጣኋት መርፌ ላይ እንድትወድቅልኝ አይደለም» አሉ። የሳቸው ምርጫ ባለ ፎቅ የሆነ አንድ ኢንጂነር ነው። መቀስ ኢንጂነሩን አይቶት ባያውቅም በሐሳቡ ስንት ሙሉ ልብስ ሰፍቶለታል፣ እያንዳንዱም ካለፈው ያማረ። ሰውየው በመቀስ ጭንቅላት ውስጥ እየዘነጠ ሲሄድ መቀስ ራሱ ለራሱ እየኮሰሰ ሄደ።

ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ እናቷን ጥቂት አለዘበቻቸው። እስከ እሑድ ራሱ ይምጣና ፊቴ ቁሞ ይናገር፣ ካልመጣ ግን ለኢንጂነሩ ቤተሰብ ቃሌን እሰጣለሁ አሉ። ችግሩ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ መሄድ አቁሟል፤ የቀረው አውሮፕላን ብቻ ነው። መቀስ ደግሞ ከመሰላል የበለጠ ከፍታ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ተመረመረ፣ ከበሽታው ነፃ መሆኑ ተነገረው፣ ወፌ ቀደም ብላ በሰጠችው ልክ ለእናትየው የሰፋውን ቀሚስ ሻንጣው ውስጥ አጣጥፎ ወፌ የምትሠራበትን የቅዳሜ ጠዋት በረራ ቲኬት ቆረጠ። ለሷ ግን ትንፍሽ አላለም። ዓይኗ ከማስኳ በላይ በደስታ ሲበራ ማየት ነው የፈለገው።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። በሽታው ከገባ ወዲህ ሁለቱ እጅ ለእጅ እንኳ ተያይዘው አያውቁም። እሷ የምትውለው ከማታውቀው ሰው ጋር ነውና ይጠነቀቃሉ፤ ሱቁ ስትመጣም የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ በመካከላቸው ነው። ስለዚህ አንድ ማስክ ሰፋላት። ፊቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበሩ ነጭ ጥጥ። በገበሩ ላይ፣ ልክ ከንፈሯ በሚያርፍበት ቦታ፣ የገብስ ፍሬ የምታክል ቀይ ቅጠል ጠለፈበት። ከውጭ አትታይም። ይህን ባደረግሽ ቁጥር እኔ ሳምኩሽ ማለት ነው አላት። ወፌ ጆሮዋ ሳይቀር ቀላ፤ ከማስኩ ውጭ ሲቀላ የሚታየውም እሱ ብቻ ነበር። በሥራ ላይ የሚታደላትን እያደረገች፣ የሱን ግን አጥባና ተኩሳ በላስቲክ ከረጢት ኪሷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ከሥራ ስትወጣ ታደርገዋለች።

*

አየር ማረፊያው ውስጥ ሰው ሁሉ መሬት ላይ በተለጠፈ የጫማ ሥዕል ላይ እየቆመ፣ ተራርቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። መቀስ በዚያ እግሩ ሥዕሉን እየዘለለ «ወንድም፣ ርቀትዎን ይጠብቁ» እየተባለ ወደ ኋላ ይመለሳል። አውሮፕላኑ በር ላይ ሲደርስ ወፌ ቆማለች። ማስክ አድርጋ፣ እጇ ላይ ስስ ነጭ ጓንት አጥልቃ። ዓይኗን በቀጥታ ማየት ፈርቶ እንደ ልማዱ መጀመሪያ የቀሚሷን ጠርዝ አየ፤ ስፌቱ አልላላም። ከዚያ ቀና አለ።

ወፌ መዳፉ ላይ ሳኒታይዘር አፈሰሰችለትና፣ «እንኳን ደህና መጡ፤ ወንበርዎ በግራ በኩል፣ መስኮቱ ጋ ነው» አለችው።

በቃ ይኸው ነው። እንዲያውም ከሱ ኋላ ለነበሩት አሮጊት የበለጠ ፈገግ ያለች መሰለው። ማስክ አድርጋ ፈገግታዋን እንዴት አየው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ቀናተኛ ሰው ግድግዳም አልፎ ያያል። ምናልባት አላወቀችኝም ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታየው የኖረችውን ዓይን ካላወቀች ይብሳል፤ አውቃ ዝም ካለች ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከሁለቱ የቱ የበለጠ እንደሚያንገበግብ መምረጥ አቅቶት መስኮቱ ጥግ ተቀመጠ።

ከጎኑ ያለው መካከለኛ ወንበር ሰው እንዳይቀመጥበት በቢጫ ሪባን ታስሯል። መተላለፊያው ዳር ባለው ላይ ገና ማንም አልመጣም። መቀስ ቀበቶውን ለማሰር ሲታገል በሩ አካባቢ ክርክር ሰማ፤ የሚለምን የወንድ ድምፅና ለስላሳ ግን የማይበገር የሷ ድምፅ። ከዚያ ጸጥ አለ። ቆየት ብሎ የመጨረሻው ተሳፋሪ ገባ፤ ግዙፍ፣ ጥሩ ሱፍ የለበሰ፣ ፀጉሩ ሸበት ያለ ሰው። አንድ ተሳፋሪ ከፊት በኩል ዞሮ «ኢንጂነር፣ እርስዎም አሉ?» አለው። ሰውየው እጁን አንሥቶ ሰላም አለና መጥቶ ከመቀስ ጋር በአንድ ረድፍ፣ ከባዶው ወንበር ወዲያ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ያለው ማስክ ጥቁር ሰማያዊ ነበር።

መቀስ መጀመሪያ ራሱን ተቆጣ። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አገሩን ሞልቶታል። ግን ሰውየው ማስኩን ሲያስተካክል ነጩ ገበር ብልጭ አለ፤ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ የታጠፈውን ስፌት አየ። ሌላው ልብስ ሰፊ አንዴ አጥፎ ይጨርሰዋል። ሁለቴ የሚያጥፈው እሱ ነው፣ የወፌን ጉንጭ እንዳይፍቀው ብሎ። ሰው የገዛ ስፌቱን እንደ ገዛ ልጁ ያውቃል። እንግዲህ ያቺ ለወፌ ከንፈር የተጠለፈች ቀይ ቅጠል አሁን የዚህ ባለ ሱፍ ኢንጂነር አፍ ላይ ተለጥፋለች ማለት ነው። በመቀስ ሒሳብ፣ መቀስ ኢንጂነሩን እየሳመው ነው።

*

ወፌ መተላለፊያው መሃል ቆማ ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰር፣ መውጫ በሮቹ የት እንደሆኑ ለተሳፋሪው ማሳየት ጀመረች። እጇን ከፍ ስታደርግ የመስኮቱ ብርሃን ስሱን ጓንት ዘልቆ ገባ። በግራ እጇ የቀለበት ጣት ላይ አንድ ቀይ፣ ጠበብ ያለ ክብ ነገር ይታያል። መቀስ ያን ጣት ያውቀዋል። ባለፈው ሰሞን ጠረጴዛው ማዶ ሆና ቁልፍ ስትመርጥ ባዶ ነበር። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው ነው፤ በማስኩ ብቻ ሊያብድ የደረሰ ሰው ቀለበት ሲጨመርበት አስቡት።

አውሮፕላኑ ሲነሣ የሰው ሁሉ ሆድ ወደ ታች ወረደ። የመቀስ አስቀድሞ ስለወረደ አልተሰማውም። ደመናው ከሥሩ እንደ ተባዘተ ጥጥ ተነጥፎ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አፉን ከፍቶ ያየው ነበር፣ ያን ዕለት ግን ዞርም አላለ። ከሰውየው ማስክ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። በመጨረሻ ቀበቶውን ፈታ፣ ሪባኑን አነሣና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይህን ማስክ ከየት ገዙት?»

ኢንጂነሩ ፈቀቅ ሊል ሞከረ፤ ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ግን አልነበረውም። «አልገዛሁትም ወንድሜ» አለ። «ይህች አስተናጋጅ ናት የሰጠችኝ። እንዴት ያለች ልጅ መሰለችህ፤ የሚያገባት ሰው የታደለ ነው።»

«ወደ ውስጥ በኩል፣ አፍዎ ላይ፣ የሚኮሰኩስ ነገር የለውም?»

«ኧረ ምንም የለውም። ልስልስ ያለ ነው።»

መቀስ አንጀቱ አረረ፤ አንጀቱ እያረረም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥልፉ ባለመኮስኮሱ ትንሽ ኮራ። የሙያ ነገር እንዲህ ነው። ቀጥሎ ሊጠይቅ ያሰበው የወፌን እናት ያውቋቸው እንደሆነ ነበር፤ ቀና ሲል ግን ወፌ ረድፉ ዳር ቆማለች።

«ጌታዬ፣ ወደ መስኮቱ ይመለሱ። ይህ ወንበር ባዶ የሆነው በምክንያት ነው።»

ጌታዬ አለችው። ሱቁ ውስጥ «አንተ መቀስ፣ ዛሬም ሳትበላ ዋልክ አይደል?» የምትለው ልጅ። እልህ ያዘው። ማስኩን ወደ አገጩ ጎትቶ አወረደና፣ «አሁንስ አላወቅሽኝም?» አላት።

ሰው ሁሉ ዞረ። አሮጊቷ መሐረባቸውን ማስካቸው ላይ ደርበው ያጉተመትሙ ጀመር። ወፌ ድምጿን አላነሣችም፤ ዓይኗ ግን እንዲህ ሲጠቁር አይቶት አያውቅም። «ማስክዎን ያድርጉ» አለችው። «እዚህ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በኔ ኃላፊነት ነው። እርስዎም ጭምር።»

መቀስ ማስኩን መለሰ፣ ወደ መስኮቱም ተመለሰ። ጆሮው እንደ ካውያ ጋለ። ለሷ ብቻ ብሎ የሰፋውን ለሌላ አሳልፋ ሰጠች፣ የሌላ ቀለበት አደረገች፣ እሱን ደግሞ በሰው ፊት እንደ ባለጌ ገሠጸችው። እዚያው ሐሳቡን ቆረጠ። ሲያርፉ አይወርድም፤ በዚሁ አውሮፕላን ይመለሳል። እናትየው ፊት ቆሞ የሚለምነውስ ከእንግዲህ ለማን ብሎ ነው? ቀሚሱንም ለጠየቀው ሰው ይሰጠዋል። ከወሰንኩ ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ አልቀለለውም፤ ማስኩ ውስጥ ከንፈሩን ነክሶ ለቅሶውን ዋጠ።

*

ሲያርፉ ተሳፋሪው በየረድፉ እየተጠራ፣ ሳይጋፋ ወረደ። ኢንጂነሩ ሲወጣ ወደ መቀስ ዞሮ በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ፤ መቀስ እንዳላየ ሆነ። ባዶ ወንበሮች ብቻ ቀሩ። የጽዳት ሠራተኞቹ የኋላው በር ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወፌ መጥታ ከሱ ሁለት ረድፍ ርቃ የወንበር ጀርባ ተደግፋ ቆመች።

«አትወርድም?»

አሁን ገና አንተ አለችው። ይህችው ሐሳቡን ልታስቀይረው ነበር፤ ግን ጠና። «እመለሳለሁ» አለ። «ኢንጂነሩ ቀድሞኛል።»

«የቱ ኢንጂነር?»

«አጠገቤ የነበረው ነዋ። እናትሽ የመረጡልሽ። የኔን ማስክ ያደረግሽለት፣ ከነቅጠሏ።»

ወፌ እንደማታውቀው ሰው አተኩራ አየችው፤ ከዚያ በረጋ ድምፅ ነገረችው። ሰውየውን ከዛሬ በፊት አይታው አታውቅም። ኢንጂነር ደግሞ አገር ሞልቷል፤ እናቷ የሚሉት ገና ወጣት፣ ነፋስ የሚወስደው ቀጭን ነው። ይህኛው በሩ ላይ ሲደርስ ያደረገው ማስክ ፊት ለፊቱ ላይ ክብ መተንፈሻ ያለው ነበር። ያ ዓይነቱ ባለቤቱን ያድናል፣ የባለቤቱን ትንፋሽ ግን እንዳለ ሰው ላይ ይለቃል፤ ስለዚህ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተቀመጡት ትርፍ ማስኮች አልቀው ነበር። ሰውየው ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ወልዳ ደም አልቆም ብሏታል እያለ ለመነ። በሩ ደግሞ ሊዘጋ ነው።

«ኪሴ ውስጥ የነበረው ያንተው ብቻ ነው» አለች።

«እና ሰጠሽው።»

«ማስኩን ሰጠሁት። ቅጠሏን አልሰጠሁም።»

የግራ እጇን ጓንት ቀስ ብላ አወለቀች። ቀለበት የለም። ጣቷ ላይ ዞሮ ዞሮ የተቋጠረ ቀይ ክር ነው። መጋረጃው ጀርባ ገብታ፣ እጇን አጽድታ፣ የስም ባጇን መርፌ ነቅላ ቅጠሏን ስፌት በስፌት ፈትታ አውጥታታለች። ክሩ ከጥልፉ ሲወጣ እንደተጠቀለለ ቀርቷል፤ መቀስ ከሩቅ ለየው። ሰውየው ልስልስ ያለ ነው ሲል እውነቱን ኖሯል። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሏችኋል ይህ ነው።

«ታዲያ ስገባ ለምን እንደማታውቂኝ ሆንሽ?» አለ፤ ልቅሶ ልቅሶ እያለው።

«አውቄሃለሁ እንጂ። ሰው ሁሉ ሲገባ ፊቴን ያያል፣ አንተ የቀሚሴን ጠርዝ ታያለህ። ግን ያን ጊዜ ብጠራህ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ የአውሮፕላን በር በሚንቀጠቀጥ እጅ አይዘጋም።»

ከዚህ በኋላ ነው የሷም ድምፅ የተሰበረው። «ማስክህን ስታወርድ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? እናቴ ስኳር አለባት። ከዚህ ወርደህ የምትሄደው እሷ ጋ ነው። ከማታውቀው ሰው ጋር ተለጥፈህ፣ አፍህን ገልጠህ... አሁን ለኔ ለልጅሽ ብለሽ አስገቢው ብዬ እንዴት እልክሃለሁ? በማን ቀንተህ ነው በኔ የጨከንከው?»

መቀስ ክሩን ያያል። ሰው አያምነውም እንጂ፣ በዚያች ሰዓት በክሩም ቀና፤ እሱ ከዚህ ማዶ ሆኖ ክሩ እጇን ይዟልና።

«አልገባም» አለ። «ከበሩ ውጭ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።»

*

ቤቱ ከአየር ማረፊያው አይርቅም። እናትየው በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ በረንዳውና የብረቱ በር መካከል የግቢው ስፋት አለ። መቀስ ቀሚሱን ከነላስቲኩ በሩ ላይ ሰቀለና ወደ ኋላ ሸሽቶ መንገዱ ማዶ ቆመ። ለምን እንደማይገባ ሳይደብቅ ተናገረ፤ አውሮፕላን ውስጥ ማስኩን ማውረዱን፣ ያወረደውም በቅናት መሆኑን። የእናትየው ፊት አልተፈታም። እሺ፣ የመጣህበትን ተናገር አሉት።

ያን ጊዜ ወፌ ያለችበት አውሮፕላን ጸድቶ፣ የመልሱን ሰው ጭኖ፣ ከጣራዎቹ በላይ እያጓራ ተነሣ። መቀስ ተናገረ፤ የተናገረውን ራሱም አልሰማው።

«ጮክ በል!» አሉ እናትየው።

ደገመ። ጆሯቸውን በእጃቸው ከልለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በየመስኮቱ የጎረቤት ራስ ብቅ ብቅ አለ። መቀስ ዓይን አፋር ሰው ነው፤ ለወፌ እንኳ ፍቅሩን የነገራት በመርፌና በክር ነው። ወደ ላይ ቀና ሲል አውሮፕላኗ እየራቀች ነበር። ደረቱን ነፋና ሠፈሩ እስኪሰማ ጮኸ። ልጅዎን እወዳታለሁ አለ። ፎቅ የለኝም አለ። ቀናተኛ ነኝ፣ በሰውም በክርም እቀናለሁ፣ ዛሬ ግን ቅናቴ እሷን ሊያሳጣኝ ነበርና አፍሬበታለሁ አለ። በዚህ መካከል የአውሮፕላኗ ድምፅ ጠፋና «ያለሷ መኖር አልችልም» የሚለው ጩኸቱ ጸጥ ባለው መንገድ ላይ ብቻውን ቀረ።

ከመስኮቶቹ ማንም አልሳቀም።

«አባቷ» አሉ እናትየው፣ ለሱ ይሁን ለራሳቸው ባልለየ ድምፅ፣ «ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንዲህ ጮኾልኝ አያውቅም።»

መቀስ በድምፃቸው ውስጥ ያለውን ነገር ወዲያው ለየው፤ ሰሞኑን አብሮት የከረመ ነው። እናት በገዛ ልጃቸው ቀኑ።

ከወንበራቸው ተነሥተው ግቢውን አቋርጠው መጡ። ቀሚሱን ከበሩ ላይ አወረዱ፣ ላስቲኩን ገፈፉና ትከሻቸው ላይ ለኩት። እጃቸውን ዘረጉ፣ አጠፉ፣ እንደገና ዘረጉ። ጨርቁን በጣታቸው ዳበሱት፣ የጠርዙን ስፌት ገልብጠው አዩ።

«እጅጌው ረዝሟል» አሉ በመጨረሻ። «ራስህን የምትለይበትን ቀን ጨርሰህ፣ ደህና መሆንህን አረጋግጠህ፣ ግባና አሳጥረው።»

መቀስ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እጅጌውን አየ። ልክ የእጃቸው አንጓ ላይ አርፏል፤ አንዲት ክር አላለፈም፣ አንዲት ክር አልጎደለም። በዕድሜው በልክ ተሳስቶ አያውቅም፤ ተሳስተሃል ያለውን ደንበኛ ሁሉ ሜትር አውጥቶ ሲከራከር ነው የኖረው። አሁን ግን ማስኩ በእንባ ርሶ አፉ ላይ ተጣበቀ።

«እውነትዎን ነው እማማ» አለ። «በጣም ረዝሟል።»